ባትሪው ነው ወይስ ገመዱ? አሮጌ መኪና ጠዋት «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል

ኅዳር ነበር፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ቁልፉን አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶቹ ቦግ አሉ፤ ከኮፈኑ ሥር አንዴ «ቀጭ» አለና መብራቱም ድርግም አለ። ደገምኩት። አሁንም «ቀጭ»። የግቢው ጥበቃ ጋቢውን እንደተከናነበ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል» አለኝ። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ያንኑ አለ። እኔም አመንኩ። ሁለት ወጣቶች ገፍተው አስነሱልኝ፤ በቀጥታ ሄጄ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ያው «ቀጭ» ተመልሶ መጣ።

ችግሩን ያገኙት በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ቴስተር እንኳ አላወጡም። «ልጄ፣ እጅህን እዚህ አድርግ» አሉኝና ከባትሪው የሚወጣውን ወፍራም ጥቁር ገመድ አስያዙኝ፤ ልክ ተርሚናሉ ሥር። ከዚያ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ደገሙት። ገመዱ መጀመሪያ ሞቅ አለ፤ በሦስተኛው ላይ እጄን ፈጀኝና ለቀቅኩት።

«አየህ? ባትሪህ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚህ ነው። ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው።»

ባትሪዬ ደህና ነበር። የቀድሞውም ምናልባት ደህና ነበር። የተበላሸው የባትሪው ጉልበት የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የዚያ መንገድ ዋጋ ደግሞ ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህን አሁን ማንሳት ለምን አስፈለገ?

የምንነዳቸው መኪኖች እያረጁ ስለሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለው ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ሊነዳ ነው። ሞተሩ ይታደሳል፣ ጎማው ይቀየራል፣ ባትሪውም በየሦስት በየአራት ዓመቱ ይቀየራል። የባትሪውን ገመድ ግን የሚያስታውሰው የለም። ብዙ ጊዜ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣው ነው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆነው።

«እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት፣ አይመለከተኝም» የሚል ካለ አይቸኩል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የእሱ ተርሚናል ከላላ ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይነቃም።

የትኞቹን ዕቃዎች ነው የምናወራው?

ስማቸውን መጀመሪያ እንስማማበት፤ በየጋራዡ የተለያየ ይባላልና።

ከባትሪው አናት ላይ ብቅ ያሉ ሁለት አጫጭር የእርሳስ ብረቶች አሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉጥ እላቸዋለሁ። አንዱ ፖዘቲቭ ነው፤ ሌላው ነጌቲቭ። ጉጡን እንደ ቀለበት አቅፎ በብሎን የሚጠብቀው ተርሚናል ነው። ከተርሚናሉ ወፍራም ገመድ ይወጣል። የፖዘቲቩ ገመድ ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ ይሄዳል፤ ከጎኑ ቀጠን ያለ ሌላ ገመድ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይወጣል። የነጌቲቩ ገመድ ደግሞ ማሳ ነው፤ ከመኪናው አካልና ከሞተሩ ብረት ጋር ይታሰራል።

ማሳ የምትለዋ ነገር ብዙ ሰው ያምታታል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ከወጣ በኋላ መመለስ አለበት፤ ሳይመለስ ሥራ አይሠራም። ለእያንዳንዱ መብራት የመመለሻ ገመድ ከመዘርጋት ይልቅ አምራቾቹ የመኪናውን ብረት ራሱን መመለሻ አድርገውታል። ሞተሩ ግን በጎማ መደገፊያዎች ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከአካሉ ወይም ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ የራሱ ገመድ አለው። አንዳንዱ ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍልፍ ነው፤ ሽፋንም የለውም። ጭቃና ዘይት ሲጠጣ የሚኖረው እሱ ነው።

ያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ምንድን ነው?

«ባትሪው አሲድ ተፋ» ይባላል። አባባሉ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ነው። ባትሪው ሲሞላ ከፈሳሹ ውስጥ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ አብሮት የአሲድ ጭጋግ ይዞ በክዳኖቹ ቀዳዳ በኩል ያመልጣል። ሌላው መውጫ የጉጡ ሥር ነው። ጉጡ ከፕላስቲኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲሰነጠቅ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሳባል። የሚሰነጠቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ በራሳችን እጅ ነው፤ ተርሚናሉ እምቢ ሲል በመዶሻ ስንቀጠቅጠው።

አሲዱ እርሳሱን ሲነካ ነጭ ዱቄት ይሠራል። ገመዱ ውስጥ ያለውን መዳብ ሲነካ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ነጭ ብቻ ከሆነ ገና ላይ ላዩን ነው ማለት ይቻላል። አረንጓዴ ከታየ መዳቡ መበላት ጀምሯል።

ዱቄቱ ከወትሮው በላይ በፍጥነት የሚመለስ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከመጠን በላይ እየሞላ መሆኑን ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ የሚለካው ቮልት ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት፤ 15 ካለፈ ባትሪው እየፈላ ነው። ሁለተኛው ውሃው ከልክ በላይ መሞላቱን። ሦስተኛም ልጨምር መሰለኝ፦ ውሃ ሲጎድል አሲድ የሚጨምሩ አሉ። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

ዱቄቱን «እፍ» ብላችሁ አትንፉት። እርሳስ አለበት፤ እርሳስ መርዝ ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን።

መብራቱና ሬዲዮው እየሠራ ሞተሩ እንዴት አይነሳም?

ሁሉንም የሚያሳስተው ይህ ነው። ሬዲዮ ከሠራ ባትሪው አለ፣ ገመዱም ተያይዟል፣ ታዲያ ምን ቀረ?

ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ሮቶው ሙሉ ነው። ወደ ቤት የሚወርደው ቧንቧ ግን ለዓመታት የድንጋይ ኖራ ሲጋገርበት ኖሮ ቀዳዳው የእስክሪብቶ ያህል ሆኗል። እጅ ለመታጠብ ቧንቧውን በትንሹ ስትከፍቱ ውሃው ያለምንም ችግር ይወርዳል። ሻወር ስትከፍቱ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ሮቶው ውሃ አጥቶ አይደለም። ብዙ ውሃ ባንዴ ማሳለፍ ያቃተው ቧንቧው ነው።

ሬዲዮና የዳሽቦርድ መብራት የእጅ መታጠቢያ ናቸው። አንድ ሁለት አምፔር ይበቃቸዋል። ሞተሪኖው ሻወሩ ነው፤ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ለማስነሳት እንኳ 100፣ 150፣ አንዳንዴም 200 አምፔር ባንዴ ይስባል።

ቁጥር የማይወድ ይህችን አንቀጽ ይለፋት። አሲድ የበላው ተርሚናል 0.02 ኦም ያህል እንቅፋት ቢፈጥር ለዓይን ምንም አይመስልም። አንድ አምፔር ሲያልፍበት የሚያጎድለው 0.02 ቮልት ነው፤ ሬዲዮው አያውቀውም። 150 አምፔር ሲያልፍበት ግን 3 ቮልት ይውጣል። 12 ቮልት የነበረው 9 ሆኖ ሞተሪኖው ጋ ይደርሳል ማለት ነው፤ ያውም ባትሪው በጭነት ውስጥ በራሱ የሚወርደውን ሳንቆጥር። የተዋጠው 3 ቮልት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። 3 ቮልት በ150 አምፔር 450 ዋት ነው። የግማሽ ካውያ ሙቀት አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ! እጄን የፈጀኝ እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው። በብርድ ዘይቱ ይወፍራል፤ ሞተሪኖው ከቀኑ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ባትሪውም በብርድ ይሰንፋል። ቀን ላይ እየተንገዳገደም የሚያስነሳ ገመድ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ይወድቃል።

አዲስ ባትሪ ለጊዜው የሚያስነሳው ደግሞ ጉልበቱ ትኩስ ስለሆነ ነው፤ እንቅፋቱን ጥሶ ያልፋል። ግን ያው የተበላው ገመድ ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚመለሰውንም ያጎድላል። ባትሪው ቀን ከቀን ሳይሞላ ያድራል፤ ሳይሞላ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ውስጡ እየጠጠረ ይሄዳል። አዲሱን ባትሪዬን በሦስት ሳምንት ያደከመው ይኸው ነው።

ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የገመዱ እንዴት ይለያል?

ብዙ ቦታ የሚደረገው ቴስተር ባትሪው ላይ ደግኖ «12.6 ነው፣ ደህና ነው» ማለት ነው። ይህ የሚነግረን ሮቶው መሙላቱን ብቻ ነው። ቧንቧው ጠብቦም ቢሆን ውሃ እስካልተከፈተ ድረስ ግፊቱ ልክ ይመስላል። መለካት ያለበት ሞተሪኖው እየጎተተ ሳለ ነው።

አንድ ቴስተርና አንድ ረዳት ይበቃል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንደኛውን መርፌ ጉጡ አናት ላይ፣ እርሳሱ ራሱ ላይ፤ ሌላኛውን ጉጡን ያቀፈው ተርሚናል ላይ አሳርፉ። መርፌዎቹ የግማሽ ጣት ያህል ነው የሚራራቁት። አሁን ረዳቱ ቁልፉን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያዙር። ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ መቆየት አለበት። ከ0.1 ካለፈ ተርሚናሉና ጉጡ አልተነካኩም፤ በመሐላቸው ያ ዱቄት አለ።

በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ሂዱ። ከፖዘቲቭ ጉጥ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ ሲለካ ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ከነጌቲቭ ጉጥ እስከ ሞተሩ ብረት ደግሞ ከ0.2 ወይም 0.3 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከሁሉም የምወደው ምርመራ ይህ ነው፤ ምንም ሳይፈታ ጥፋተኛውን በጣት ያሳያልና። ሁሉም ገመድ ልክ ሆኖ ባትሪው ራሱ ሞተሪኖው ሲጎትት ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ያኔ በእርግጥ ጥበቃው ልክ ነው።

ቴስተር ከሌለ እጅ አለ። ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ተርሚናሎቹንና የገመዶቹን ጫፎች ዳስሱ፤ ግን ቀስ ብላችሁ። የሞቀው ነው።

አንድ ነገር ግን ተዉ። ሞተሩ እየሠራ ተርሚናል ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል አይሠራም» ብሎ መሞከር። በካርቡራተሩ ዲኤክስ ዘመን ብዙም አይጎዳም ነበር። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲለያይ ቮልቱ ዘሎ ዲናሞውንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱም ከባትሪ በላይ ያስከፍላሉ።

የማሳው ገመድስ ያን ያህል ያስቸግራል?

እንዲያውም እሱ ይበልጥ ያደናግራል። የሞተሩ ማሳ ሲበጠስ ወይም ሲበላ ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ ሞተሩንና አካሉን የሚያገናኙ ቀጫጭን የብረት ነገሮችን ነው፤ የነዳጅ መስጫውን ካቦ፣ የፍሪሲዮኑን ካቦ፣ የማርሹን ካቦ። እነዚህ 150 አምፔር እንዲሸከሙ አልተሠሩም። መኪናው ሲነሳ የነዳጅ ካቦው ሽፋን ይጨሳል፤ ውስጡ ይቀልጥና ፔዳሉ ይከብዳል። ባለመኪናው ካቦ ይቀይራል። ከወር በኋላ አዲሱም ይቃጠላል። ሁለት ጊዜ ካቦ የቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ የጎደለው አንዲት ሹሩባ ማሳ ነበረች።

ማጽዳት ይበቃል ወይስ መቀየር አለበት?

ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ፣ ተርሚናሉ ካልሳሳና ገመዱ እንደልብ የሚታጠፍ ከሆነ ማጽዳት ይበቃል። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ ነው። ይፈላል፤ መፍላቱ አሲዱ እየከሸፈ መሆኑን ያሳያል። መፍላቱ ሲያቆም በንጹሕ ውሃ ማጠብ። የባትሪው ክዳኖች ግን ጥብቅ ብለው የተዘጉ ይሁኑ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሻል። ከዚያ የጉጡን ዙሪያና የተርሚናሉን የውስጥ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪያበራ መፈተግ።

ኮካ ስለማፍሰስ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዱቄቱን ያነሳል፤ እውነት ነው። ግን ኮካ ራሱ አሲድነት ስላለው አሲድን አያከሽፍም፤ በዚያ ላይ ስኳሩ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ጠርሙሱን ጠጡትና ሶዳውን ተጠቀሙ።

መቀየር የሚያስፈልገው በሽታው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ገመዱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች በመሐላቸው ክፍተት ስላለ አሲዱን ልክ ፈትል ላምባ እንደሚስብ ይስቡታል። ከውጭ ፕላስቲኩ ደህና ይመስላል። ለማወቅ ከተርሚናሉ አጠገብ ገመዱን አጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ድርቅ ብሎ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ወይም ሽፋኑ ያበጠ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ጫፉን በምላጭ ትንሽ ላጥ አድርጎ ማየትም ይቻላል። ጤነኛ መዳብ ቀላ ብሎ ያበራል። የታመመው ጥቁር ነው፤ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

እዚህ ላይ ጋራዦች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። የተበላውን ተርሚናል ቆርጠው፣ ገመዱን ልጠው፣ በሁለት ብሎን የሚጨመቅ አዲስ ተርሚናል ያስሩበታል። መንገድ ላይ ለቀሩት ነፍስ አድን ነው። ለዘለቄታው ግን አይሆንም። ጥቁር የሆነ ክር ላይ አዲስ ተርሚናል ማሰር የተበሳ ቧንቧ ጫፍ ላይ አዲስ መክፈቻ እንደመግጠም ነው። ከዚያም በላይ የተላጠው መዳብ ለአሲዱ ጭጋግ ተጋልጦ ይቀራል። ቆርጣችሁ ጤነኛ መዳብ ከደረሳችሁና ገመዱ አሁንም የሚደርስ ከሆነ ግን ይሁን።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ገመዱ ውፍረቱ ቢያንስ የቀድሞውን ያህል ይሁን። ለትንንሽ የቤንዚን መኪኖች የመዳቡ ስፋት 25 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ገመዱ ረዘም ካለ ወይም ሞተሩ ናፍጣ ከሆነ 35 እና ከዚያ በላይ። የፕላስቲኩ ውፍረት አያታልላችሁ፤ ወፍራም ሽፋን ውስጥ ቀጭን መዳብ የደበቀ ገመድ ገበያው ላይ ሞልቷል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም አለ። ሲያዩት ቀይ ነው፤ ክሩን በቢላ ሲፍቁት ነጭ ይወጣል። ሲያነሱትም ይቀላል። አሉሚኒየም የሚያሳልፈው ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአሲድ አጠገብ ዕድሜውም አጭር ነው። ሻጩን ክር አስፍቁት። ካኮረፈ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ የፋብሪካ ገመድ ይገኛል። ጫፉ በፕሬስ የተጨመቀ ስለሆነ በመዶሻ ከተጠፈጠፈ አዲስ ገመድ ሊሻል ይችላል፤ ግን ከላይ እንዳልኩት አጥፉት፣ ላጡት፣ እዩት። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ የጫፉ ቀለበት በፕሬስ እንዲጨመቅ ጠይቁ። በመዶሻ የተጠፈጠፈ ውስጡ አየር ይዞ ይቀራል፤ ከአየሩ ጋር እርጥበት።

የጉጡ መጠን ሌላው ጣጣ ነው። የአውሮፓ መኪኖችና ከፍ ያሉት ባትሪዎች ጉጣቸው ወፍራም ነው፤ ፖዘቲቩ 19.5፣ ነጌቲቩ 17.9 ሚሊሜትር። እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች የሚመጡበት ባትሪ ግን ቀጭን ጉጥ አለው፤ 14.7 እና 13። ፖዘቲቩ ሁልጊዜ ይወፍራል፤ ገልብጠን እንዳናስር ነው። አንዳንድ የባትሪ መጠን በሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ ለምሳሌ ቢ24 ከሚባለው ውስጥ ኮዱ መጨረሻ ላይ «ኤስ» የጨመረው ወፍራም ጉጥ ያለው ነው። ወፍራም ተርሚናል በቀጭን ጉጥ ላይ ሲገባ ይላላል። ያኔ ምስማር ይሸጎጣል፤ የሲጋራ ወረቀት ይጠቀለላል፤ የቆርቆሮ ቁራጭ ይጠቀጠቃል። እኔ ራሴ ከገዛሁት መኪና ላይ የስድስት ቁጥር ምስማር ነቅያለሁ። ምስማሩ የሚነካው በሁለት መስመር ብቻ ነው፤ 150 አምፔር በሁለት ጭረት ላይ ይጨናነቃል። ለዚሁ የተሠራ የእርሳስ ቀለበት አለ፤ ወይም ልኩን ተርሚናል መግዛት።

ተርሚናሉ ብሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱ ከንፈሮቹ ከተነካኩ አልቆለታል፤ ከዚህ በላይ አይጨመቅም። ይቀየር።

የድሮ ቶዮታ ካላችሁ ፖዘቲቭ ተርሚናሉ ላይ ወደ ፊውዝ ሳጥን የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ልብ በሉት። ተራ ገመድ ይመስላል፤ እሱ ራሱ ፊውዝ ነው። የሆነ ቦታ ሾርት ሲፈጠር መኪናው ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲቀልጥ ነው የተቀመጠው። «ቀጭን ነው» ብሎ በወፍራም ገመድ የሚተካው ኤሌክትሪሺያን መኪናውን ያለ ጠባቂ ይተወዋል።

ሲፈታ ለምን ነጌቲቩ ይቀድማል?

ብዙ ሰው ይህን በቃል ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቀውም። የመኪናው ብረት በሙሉ ከነጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ የያዛችሁት አሥር ቁጥር ቁልፍ የመኪናውን አካል ከነካ ባትሪውን በቁልፉ አገናኛችሁት ማለት ነው። ቁልፉ ግሎ ቀይ ይሆናል፤ እጅ ላይ ቀለበት ካለ ከቁልፉ የባሰ ነው። ነጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቁልፉ ቢነካም መንገዱ ተቋርጧል፤ ምንም አይፈጠርም። ሲታሰር በተቃራኒው ነው፤ ፖዘቲቩ መጀመሪያ፣ ነጌቲቩ መጨረሻ።

ብልጭታው ራሱም አደጋ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን አለበት፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል። ባትሪው ሲፈነዳ ደግሞ አሲዱ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ተደርጎ እንዳለቀ ወይም ረጅም መንገድ ተነድቶ እንደቆመ ወዲያው አትጀምሩት። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ። መነጽር አድርጉ፤ የፀሐይም ቢሆን።

ተርሚናሉ አልወጣ ካለ ብሎኑን ፈትታችሁ ከንፈሩን በካቻቢቴ ትንሽ ከፈት አድርጉት፤ ከዚያ ግራ ቀኝ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። መዶሻ አያስፈልግም። የማሳው ገመድ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቃችሁ ብረቱን ካላወጣችሁ አዲሱ ገመድ ቀለም ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ቀለም አያሳልፍም። በዚህች ብቻ ስንቱ አዲስ ገመድ ተወቅሷል።

ሲጠብቅ በእጅ አዙራችሁት የማይነቃነቅ ከሆነ በቂ ነው። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ጉልበተኛ ይሰብረዋል። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት። የአሲዱን ጭጋግና እርጥበቱን ይከለክላል።

እኔ ሁለቱንም ገመድና የሞተሩን ማሳ ባንድ ቀን አስቀየርኩ። ጫፍ ላይ ስንለካው 0.04 ቮልት አለ። በማግስቱ ጠዋት ጥበቃው ሊገፋ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ ገና ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። «አዲስ ባትሪ ነው እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

የድሮውን ገመድ ለሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ጥዬው ነበር። ቁራሌው ሲያልፍ ጠራሁት። ገመዱን አነሳ፣ መዘን መዘን አደረገው፣ ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ጫፉን ላጠ። ጥቁር። ሌላኛውን ጫፍ ላጠ። አረንጓዴ ዱቄት መሬት ላይ ረገፈ። ራሱን ነቀነቀና መሐሉን ሰነጠቀው፤ እዚያ ቀይ ሆኖ አበራ። «ጋሼ፣ ይሄ አሲድ የበላው ነው፤ ሁሉንም እንደ መዳብ አልይዝልህም» አለኝ። ሁለቱን ጫፎች ቆርጦ ጣለና መሐሉን ብቻ ሚዛን ላይ አወጣው።